«መንጃ ፈቃዱን አትንካበት» ለምትሉ

መርሳ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አንድ አሽከርካሪ ባስቆመ ቁጥር ከመኪናው ውስጥም ከመንገዱ ዳርም የሚሰማው ልመና ያው ነው፦ «ግዴለም ቅጣው፣ መንጃ ፈቃዱን ግን አትንካበት፤ የልጆች አባት ነው።» እንዲህ የሚሉት ሰዎች ክፉ አይደሉም። ለጎረቤታቸው የሚደርሱ፣ ሰው ከእንጀራው ሲነቀል ማየት የማይሆንላቸው ናቸው። ከዚሁ ርኅራኄ የተነሣ አንድ አስተያየት ከሻይ ቤት እስከ ስብሰባ አዳራሽ ጸንቷል። አጥፊ አሽከርካሪ በገንዘብ ይቀጣ፤ ካልታረመም ቅጣቱ ይጨመርበት፤ በመንጃ ፈቃድ ላይ የጥፋት ነጥብ እየያዙ ሲሞላ ማገድ ግን ጭካኔ ነው፣ ለድሃ አገር አይሆንም ይባላል።

እኔ ደግሞ ለድሃ አገር የማይሆነው የገንዘብ ቅጣቱ ነው እላለሁ። የጥፋት ነጥብ በወጉ ተመዝግቦ በወጉ ከተቆጠረ ለደሃው አሽከርካሪም፣ ለተሳፋሪውም፣ መንገድ ዳር ቆሞ ለሚሻገረውም ከብር ቅጣት የተሻለ ፍትሕ አለው። ሕጉ ከተጻፈ ዓመታት አልፈዋል፤ የጎደለው ማስፈጸሙ ነው። ማስፈጸሙ እንዳይጀመር ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያግዘው ያ ደግ ልመናችን ነው።

በመጀመሪያ መንገዱን እንይ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ፣ በሐይቅና በውጫሌ አድርጎ ወደ ወልድያና ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና መርሳን መሐል ለመሐል ሰንጥቋት ያልፋል። ከደቡብ የሚመጣው የጭነት መኪና የውጫሌን ጠመዝማዛ ወርዶ፣ ውርጌሳን አልፎ፣ ፍሬኑ እንደጋለ ነው ከተማዋ የሚደርሰው። ከሰሜን የሚመጣው ደግሞ ሲሪንቃን አልፎ ሜዳ ሲያገኝ ነዳጁን ይረግጣል። መርሳ ላይ ግን አስፋልቱ መተላለፊያ ብቻ አይደለም። ብርቱካኑና ማንጎው የሚቸረቸረው ጠርዙ ላይ ነው። ባጃጁ የሚታጠፈው እዚያው ነው። ከሊብሶና ከግራና በኩል የመጣ ገበሬ አህያውን እየነዳ የሚሻገረው፣ ተማሪው ተለቅቆ የሚበተነው እዚያው ነው። መርሳ ያለችበት የሀብሩ ወረዳ ሰው ገበያው፣ ሠርጉና ለቅሶው ሁሉ ይህን መንገድ መሻገርን ይጠይቃል።

በዚህ መንገድ ላይ ከሚያልፈው አሽከርካሪ ብዙው የመርሳ ሰው አይደለም። መርሳን በጥቂት ደቂቃ ያልፋታል፤ ማታ ደሴ ወይም ቆቦ ያድራል። መርሳ ላይ የከፈለው ቅጣት መርሳ ላይ ያልቃል። ወልድያ ሲደርስ አዲስ ሰው ነው፤ ቆቦ ሲደርስም እንደገና አዲስ ሰው ነው። ትናንት ሐይቅ ላይ በፍጥነት፣ ዛሬ ጠዋት ውጫሌ ላይ በትርፍ ጭነት ተቀጥቶ ከሆነ መርሳ ላይ ያስቆመው ፖሊስ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሚያየው አንድ ሰው፣ አንድ ጥፋት፣ አንድ ትሕትና የተሞላ ልመና ነው። የነጥብ ሥርዓት የተፈጠረው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ጥፋት እንደ ክብደቱ ነጥብ ይያዝበታል፤ ነጥቡ በአሽከርካሪው ስም ይጠራቀማል፤ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ መንጃ ፈቃዱ ለጊዜው ይታገዳል፣ ሥልጠና ወስዶ ይመለሳል፣ ከባሰ ይሰረዛል። ብሩ በከተማው ይቀራል፤ ነጥቡ ግን ከሰውየው ጋር ከከተማ ከተማ ይሄዳል። እንደ መርሳ ላለ፣ እድሜ ልኩን የሌላ ሰው መኪና ሲያልፍበት ለሚኖር ከተማ፣ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ሕግ አላውቅም።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። በገበያ ዕለት ከውርጌሳ ወደ መርሳ በሚኒባስ የመጣ ሰው የምለውን ያውቀዋል። ወንበሩ ሁሉ ሞልቷል፤ ረዳቱ ግን በሩን ከፍቶ መጥራቱን አይተውም። ሞተር ላይ ሁለት ይቀመጣሉ፤ በመተላለፊያው ዱካ ይደረደራል፤ ከኋላ አራት በሚይዘው ወንበር አምስተኛ ይጨመራል፤ ዶሮው በእግር ሥር፣ ጆንያው በጉልበት ላይ ነው። ከፊት የሚመጣ መኪና መብራቱን ሁለቴ ብልጭ ካደረገ ትራፊክ አለ ማለት ነው። ረዳቱ ወደ ኋላ ዞሮ «ጎንበስ በሉ» ይላል። ሁሉም ጎንበስ ይላል። አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ሰብስበው ጉልበታቸው ላይ ይደፋሉ፤ አራስ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ አንገቷን ትሰብራለች። እነዚህ ጎንበስ ያሉት ሰዎች ሙሉ ሒሳብ ከፍለዋል። ወንበር አላገኙም፤ ይባስ ብሎ መኪናው ቢገለበጥ ቀድመው የሚሞቱት፣ ቅጣቱን ፈርተው ራሳቸውን እንዲደብቁ የተደረጉትም እነርሱ ናቸው።

ፖሊሱ ካላየ አለፉ። ካየ ረዳቱ ወረቀቶቹን ይዞ ይወርዳል። በመንጃ ፈቃዱ ልባስ ውስጥ የታጠፈ ብር ሊኖር ይችላል፤ ለዚህ በኋላ እመለሳለሁ። ለጊዜው ፖሊሱ ንጹሕ ሰው ነው፣ ወረቀት ጽፎ በሕጉ መሠረት ቀጣ እንበል። ቅጣቱን የሚከፍለው ማን ነው? ሾፌሩ አብዛኛውን ጊዜ የመኪናው ባለቤት አይደለም። ለባለንብረቱ በቀን የሚያስገባው ተቆርጦለታል፤ የእርሱና የረዳቱ የሚሆነው ከዚያ የተረፈው ነው። ቅጣት ሲመጣበት ያን ብር ከየት ያመጣዋል? ከመርሳ መናኸሪያ ወደ ወልድያ ሲነሣ ሁለት ትርፍ ይጨምራል፣ ሲመለስ ሦስት። የባከነበትን ጊዜ ደግሞ በፍጥነት ያካክሳል። ትርፍ በመጫኑ የተቀጣ ሰው ቅጣቱን የሚከፍለው ትርፍ በመጫን ነው። በፍጥነት የተቀጣውም እንደዚያው። ጥፋቱን እንዲቀንስ የታሰበው ቅጣት ጥፋቱን ያበዛል፤ ቅጣቱ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጨመረው ትርፍ ሰውም ከፍ ይላል። በመጨረሻ ብሩን የከፈለችው ዱካ ላይ ተቀምጣ ጎንበስ ያለችው አራስ ናት።

ይህን ያልኩት አሽከርካሪዎችን ለመወንጀል አይደለም። እንዲያውም ክርክሬ ከእነርሱ ጎን የሚቆምበት ቦታ እዚህ ነው፤ ማንም ሲያነሣው ስለማልሰማም ሰፋ አድርጌ ልናገረው።

በዚህ አገር ብዙ አሽከርካሪ የሚፈጥነው ፍጥነት ስለሚወድ አይደለም። ባለንብረቱ ስልክ እየደወለ «የት ደረስክ?» ስለሚለው ነው። የአይሱዙ ሾፌር ሌሊቱን ሳይተኛ የሚነዳው አትክልቱ ወይም ጫቱ ሳይጠወልግ እንዲደርስ ቀጠሮ ስለተሰጠው ነው። ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ ሲሰይመው የስሙን ክፋት የተሸከመው ሾፌሩ ነበር፤ ቀጠሮውን የሰጠው ሰው ግን በስሙ ውስጥ የለበትም። ለዚህ ባለንብረት የገንዘብ ቅጣት ምኑ ነው? ወጪ ነው፤ እንደ ነዳጅ፣ እንደ ጎማ። «አንተ ብቻ ፍጠን፣ ቅጣት ቢመጣ እኔ እከፍላለሁ» ማለት ይችላል፤ ይላልም። «ነጥቡን እኔ እሸከምልሃለሁ» ሊል ግን አይችልም። ነጥብ ከኪስ ወደ ኪስ አይዛወርም። ነጥብ በሚቆጠርበት አገር ሾፌሩ ለባለንብረቱ የሚመልሰው ቃል ያገኛል፦ «ጌታዬ፣ ሁለት ጥፋት ነው የቀረኝ፤ ከታገድኩ መኪናህን የሚነዳልህ ሰው ፈልግ።» ዛሬ ይህን ቃል የሚያስታጥቀው የለም። ዛሬ «አልፈጥንም» ያለ ሾፌር ቁልፉን አስረክቦ ይሄዳል፤ በነጋታው የሚፈጥን ይተካበታል። እንግዲህ ከእንጀራው የተፈናቀለው የትኛው ነው? ለአጥፊው እንጀራ የምንለምን ሰዎች በጨዋነቱ ምክንያት ሥራውን ላጣው ሾፌር ስንለምን ሰምቼ አላውቅም።

ነጥብ ባለጸጋን ከደሃ አይለይም የምለውም ከአየር ላይ አንሥቼ አይደለም። በኋላ የእንግሊዝ የኢነርጂ ሚኒስትር የሆኑት ክሪስ ሂዩን በ2003 እ.ኤ.አ. መኪናቸው በፍጥነት መቆጣጠሪያ ካሜራ ተይዞ ነበር። የገንዘብ ቅጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚያው ዕለት ከፍለው ይረሱት ነበር። ነገር ግን ነጥብ ስላለበትና መንጃ ፈቃዳቸው ሊታገድ ስለሚችል የያኔዋ ሚስታቸው «እኔ ነበርኩ የምነዳው» ብለው ነጥቡን ወሰዱላቸው። ነገሩ ከዓመታት በኋላ ተገለጠ፤ ሚኒስትሩ በ2012 ሥልጣናቸውን ለቀቁ፣ በ2013 ሁለቱም እያንዳንዳቸው 8 ወር ተፈርዶባቸው ወህኒ ወረዱ። ሰውን ፍትሕን እስከ ማዛባት ያደረሰ ፍርሃት ነው። ሚኒስትር ለመሆን የበቃ ሰው ብርን እንዲህ ሊፈራ አይችልም። በአገራችንም ባለ ብዙ መኪናው ነጋዴ፣ ባለ ታላቁ ቢሮ ሹም ከመርሳ የሚኒባስ ሾፌር እኩል የሚፈራው ቅጣት ካለ ይኸው ነው።

«ግን ሲሞላበት ሥራውን ያጣል» ይባላል። አዎ፣ ያጣል፤ ለጊዜው። ነገር ግን ነጥብ ድንገት የሚወርድ መብረቅ አይደለም። አንድ አሽከርካሪ እገዳ ላይ የሚደርሰው ደጋግሞ ካጠፋ፣ ከእያንዳንዱም በኋላ ምን ያህል እንደቀረው እየተነገረው ከቀጠለ ነው። ታርሞ ከቆየም ነጥቡ በጊዜ ብዛት ይፋቃል። በጀርመን ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመላ አገሩ አሽከርካሪ ነጥብ ፍሌንስቡርግ በምትባል ከተማ ባለ አንድ መዝገብ ይያዛል፤ በ2014 በተደረገው ማሻሻያ ቀላል ጥፋት ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ይሰረዛል። ነጥብ ከይቅርታ ጋር የተሠራ ቅጣት ነው። የብር ቅጣት ይቅርታ አያውቅም፤ 10 ጊዜ የተቀጣም አንድ ጊዜ የተቀጣም እኩል ይከፍላሉ።

በአገራችን ይህ ነገር አዲስ የመጣ የሚመስላቸው አሉ። የትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 የጥፋት ነጥብን ካመጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ማስፈጸም ሲታሰብ ነው ነገሩ የተነሣው። ሰኞ የካቲት 21 ቀን 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ አሽከርካሪዎች ሥራ አቆሙ፤ ከተማው በእግሩ ዋለ። መንግሥት አፈጻጸሙን ለሦስት ወር ማራዘሙን አስታወቀ። በኋላ ማሻሻያ በቁጥር 395/2009 ወጣ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በደንብ ቁጥር 557 ተተካና የገንዘብ ቅጣቱ ከፍ አለ።

ከዚያ ሰኞ ብዙ ሰው የወሰደው ትምህርት «ነጥብ እዚህ አገር አይሠራም» የሚል ነው። አሽከርካሪዎቹ ቅሬታቸው ውስጥ እውነት ነበራቸው። በቂ መጫኛና ማውረጃ በሌለበት ከተማ «ያለ ቦታው ቆመሃል» ብሎ ነጥብ መያዝ በደል ነው፤ የፖሊሱ ቃል ብቻ ማስረጃ በሆነበትም ነጥብ ያስፈራል። ነገር ግን ይህ ቅሬታ ነጥቡ እንዲስተካከል እንጂ እንዲረሳ አይጠይቅም። በፈረንሳይም የሆነው ተመሳሳይ ነበር። የነጥብ ሥርዓቱ ሐምሌ 1 ቀን 1992 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የከባድ መኪና ሾፌሮች አውራ ጎዳናዎችን ዘጉ፤ መንገዱን ለማስከፈት ታንክ እስከ መውጣት ደረሰ። መንግሥት ነጥቡን ከ6 ወደ 12 አሳደገ እንጂ አልሰረዘውም። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ለእኛ የበለጠ ያስተምራል። ሕጉ ወጥቶ አሥር ዓመት የሟቾች ቁጥር የሚያስደንቅ ለውጥ አላሳየም። በ2002 እ.ኤ.አ. ከ7,000 በላይ ሰው በመንገድ ይሞት ነበር። በ2003 የፍጥነት ካሜራዎች ተተክለው፣ የተያዘው ሁሉ ያለ ልመና ነጥቡን ማጣት ሲጀምር በ2010 ቁጥሩ ከ4,000 በታች ወረደ። የመኪና ጥራትና ሌላም ሌላም ድርሻ አለው፤ ይሁንና አሥር ዓመት ወረቀት ላይ የቆየ ሕግ ሥራ የጀመረው መቆጠሩ እውነት በሆነ ጊዜ ነው። እኛ ያለነው ገና በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ ነው።

ከብሩ ክርክር ቀጥሎ የሚመጣው የቀኑ ክርክር ነው። አደጋ ሲደርስ ክርስቲያኑ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይላል፣ ሙስሊሙ «ቀደር ነው» ይላል። ለሐዘንተኛ ማጽናኛ ነውና በለቅሶ ቤት አልቃወመውም። በመንገድ ላይ ግን ይህ ቃል ሌላ ሥራ ይሠራል፤ ሐዘንተኛውን ያጽናናል ተብሎ የገደለውን ያሳልፋል። በተራራ መታጠፊያ ላይ ለመቅደም የወጣ ሾፌር ቀን አልደረሰበትም፤ የወሰነው እርሱ ነው። ያንኑ ውሳኔ ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ወስኖ እንዳመለጠ ደግሞ የጻፈው የለም።

ወሎ ለሽምግልና የታደለ አገር ነው። አበጋሮች ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን ሲያስታርቁ የኖሩበት ምድር ነው፤ የመኪና አደጋም ሲደርስ ሽማግሌ ይላካል፣ ካሳ ይነገራል፣ ቤተሰብ ይታረቃል። ይህን ማንም እንዲነካው አልፈልግም። ሽማግሌ ሲያስታርቅ ግን ይቅርታ ብቻ ይዞ አይመለስም። ዳግመኛ እንዳይደገም ዋስ ያስጠራል፤ የጠራው ዋስም ይታወቃል፣ ይታወሳል። የገዛ ባህላችን ይቅርታን ከማስታወስ ጋር ሰፍቶ ነው የሰጠን። መንገድ ላይ ስንደርስ ይቅርታውን ወስደን ማስታወሱን ጥለነዋል። ነጥብ አሽከርካሪው ለማያውቃቸው መንገደኞች ሁሉ የሚጠራው ዋስ ነው። ሟች ቤተሰብና ገዳይ ቢታረቁ፣ ነገ በሌላ ከተማ መንገድ የምትሻገር ልጅ የዚያ ዕርቅ ተካፋይ አይደለችም፤ ስለ እርሷ የሚናገር መዝገቡ ብቻ ነው።

ከባድ ሕግማ አለን። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 ግልጽ ደንብ ሆን ብሎ ጥሶ በቸልተኝነት ሰው የገደለን ከ5 እስከ 15 ዓመት በጽኑ እስራት ያስቀጣል። ግን ይህ ሕግ የሚነቃው ሬሳ ከተነሣ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት፣ ሰውየው ትርፍ ሲጭን፣ ሲፈጥን፣ ስልክ እያወራ ሲነዳ፣ «ልጆች አሉት» እያልን ስናሳልፈው ቆይተናል። የልመናችን መጨረሻ ሰውየውን እስር ቤት ማስገባት ነው። የስድስት ወር እገዳ ቢቀድም ኖሮ ልጆቹ አባታቸውን ለ10 ዓመት ባላጡ ነበር፤ የሟች ልጆችም ለዘላለም ባላጡ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደውን ተቃውሞ ወደ ኋላ ያቆየሁት በአግባቡ እንድመልሰው ነው። «ነጥብ ቢጸና የሚጸናው ጉቦ ነው» ይላሉ። ዛሬ አነስተኛ ቅጣት የሚሸሽ ሾፌር አነስተኛ ጉቦ ይሰጣል፤ ነገ መንጃ ፈቃዱን ለማዳን የእጥፍ እጥፍ ይሰጣል፤ ፖሊሱ ይከብራል፣ መንገዱ ያው ይሆናል። ይህ ትክክለኛ ፍርሃት ነው፤ የሚሉትም መንገዱን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። መዝገብ በሌለበት ነጥብ መጀመር የጉቦን ዋጋ ከማስወደድ በቀር ምንም አያመጣም። ስለዚህ የምከራከረው ነጥቡ ከመዝገቡ ጋር አብሮ እንዲመጣ ነው። የቅጣቱ ወረቀት ተራ ቁጥር ይኑረው፤ የጎደለ ቁጥር ካለ ፖሊሱ ይጠየቅ። ጥፋቱ እንደተጻፈ ለአሽከርካሪው በስልኩ መልእክት ይድረሰው፤ ምን ያህል ነጥብ እንደተያዘበት፣ ምን ያህል እንደቀረው፣ የት ይግባኝ እንደሚል በአማርኛም በክልሉ ቋንቋም ይነገረው። መልእክት ያልመጣበት ቅጣት ቅጣት አይሁን። ያን ጊዜ ሾፌሩ ራሱ የፖሊሱ ተቆጣጣሪ ይሆናል። ገንዘብ በባንክና በስልክ በሚላክበት ዘመን ይህ ሰማይ መቧጠጥ አይደለም።

መዝገቡ ደግሞ የአገር መሆን አለበት። መንጃ ፈቃዱን ሌላ ክልል ያወጣ ሾፌር ሀብሩ ላይ ያጠፋው ጥፋት ፈቃዱን በሰጠው ቢሮ ካልታየ የሀብሩ ነጥብ ከሲሪንቃ አያልፍም። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ለመላ አገሩ የወጣ ሕግ ነው፤ መዝገቡ በየክልሉ ተከፋፍሎ ሊቀር አይገባም። አንድ ሰው ሁለት መንጃ ፈቃድ የሚይዝበት፣ ሐሰተኛውም እንደ እውነተኛው የሚነዳበት ቀዳዳ የሚደፈነውም በዚሁ ነው።

መመዝገብ ምን ያህል እንደጎደለን አንድ ቁጥር ላሳይ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ኢትዮጵያ ለ2016 እ.ኤ.አ. በመንገድ አደጋ መሞታቸውን ያሳወቀቻቸው 4,352 ሰዎች ነበሩ። ድርጅቱ በራሱ ስሌት የገመተው ግን 27,326 ነው። ግምት ግምት ነው፤ በግማሽ ተሳስቷል ብንል እንኳ የተዘነጋው ሰው ቁጥር የአንድ ከተማ ሕዝብ ያህላል። ሙታኑን ያልቆጠረ አገር ነጥብ መቁጠር ይከብደዋል። ግን ሁለቱም የሚያስፈልጋቸው አንድ ዓይነት ሥራ ነው፦ የሆነውን በሆነበት ቀን በስሙ መጻፍ።

ሁለት የስፔን ተመራማሪዎች በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ውጤትም ይህንኑ ይደግፋል። የነጥብ ሥርዓት ሲጀመር አደጋው፣ ሞቱና ጉዳቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ቁጥጥሩ ካልጠነከረ ያ ጥቅም አንድ ዓመት ተኩል ሳይሞላው ይከስማል። በነጥብ ላይ ለሚሳለቁ የሚመች ቁጥር ይመስላል። እኔ የማነበው በሌላ መልኩ ነው፤ ሰው ነጥቡን ይፈራል፣ ፍርሃቱ የሚያልፈው ማንም እንደማይቆጥር ሲረዳ ነው።

«በዚህ ዘመን ሾፌር ላይ ሌላ ሸክም ትጨምራላችሁ?» የሚሉኝም አሉ፤ ለእነርሱ የምሰጠው መልስ አክብሮት ሊኖረው ይገባል። ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በጦርነት ውስጥ ነበሩ፤ መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ሰነድ ተበትኗል። ከዚያም ወዲህ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ሾፌሩ በየኬላው ሲፈተሽና ሲንገላታ ኖሯል። ዱቄት፣ መድኃኒትና ነዳጅ ወደ ሀብሩ ያደረሱልን እነርሱ ናቸው፤ ውለታቸው አለብን። ውለታ የምንመልሰው ግን ከእነርሱ መካከል ጥቂቱ ሲያጠፋ ዐይናችንን በመጨፈን አይደለም። ጥቂቱ ያጠፋው የሁሉንም ስም ያጠፋል፤ በጥንቃቄ የሚነዳው ሾፌርም በአጥፊው መኪና ግንባር ለግንባር ተመትቶ ይሞታል። መሥሪያ ቤቱ መዝገቡ ከተበተነበት ደግሞ አዲሱን መዝገብ ከመጀመሪያው አስተካክሎ ለመጀመር አሁን ነው ጊዜው።

ባለንብረቱን ከዚህ ሁሉ ነጻ ያወጣሁት አይምሰላችሁ። በትርፍ ጭነትና ፍሬኑ በተበላሸ መኪና የተያዘ ነጥብ በሾፌሩ ስም ብቻ መጻፉ ፍርደ ገምድል ነው። በአንድ ባለንብረት መኪናዎች ላይ የተደጋገመ ጥፋት የሥራ ፈቃዱን እስከ ማገድ መድረስ አለበት፤ ሾፌሩን «ፍጠን» ያለው አፍ ያን ጊዜ ይዘጋል። ይህን የማይጨምር የነጥብ ሕግ ግማሽ ሕግ ነው። ግማሽ ነው ብዬ ግን የሾፌሩን ግማሽ አልተውም።

የሀብሩ ወረዳ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤትና የመርሳ ከተማ ፖሊስ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን የኮምፒውተር መዝገብ እስኪያዩ እጃቸውን አጣምረው መቀመጥ አያስፈልጋቸውም። አንድ ነገር በራሳቸው ሊጀምሩ ይችላሉ። በየሦስት ወሩ ከውርጌሳ እስከ ሲሪንቃ ባለው መንገድ ላይ ስንት አሽከርካሪ እንደተቀጣ፣ ከእነዚህ ስንቱ ከዚህ በፊት የተቀጣ እንደሆነ፣ በስንቱ ላይ ነጥብ እንደተያዘ፣ ስንት መንጃ ፈቃድ እንደታገደ ጽፈው መናኸሪያው በር ላይ ይለጥፉ። የማንም ስም አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ይበቃል። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ በእገዳው አንጻር ዜሮ ቢጻፍም ይለጠፍ፤ መርሳ ዜሮውን አይታ በሚቀጥለው ስብሰባ ለምን እንደሆነ ትጠይቅ።